ሻጋታና አጋዥ፤ የአንድ ስሌት ታሪክ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሉማሜ ከተማ አንድ ሕፃን ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ዓ.ም. ተወለደ ቢባል፥ የልደቱ ቀን በኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003 ሆኖ ይቀመጣል። ይህን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመልሰው ፕሮግራም ሴፕቴምበር 11 ምን ጊዜም መስከረም 1 ነው ተብሎ ተጽፎ እንደ ሆነ፥ ልጁ መስከረም 1 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደ ሆኖ ይታተማል። ስሕተቱ የአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዓመተ ልደቱ ተለውጧል። ይባስ ብሎ በአንዱ ገጽ 1995፥ በሌላው ገጽ 1996 ተብሎ ቢወጣ፥ ባለጉዳዩ ከገዛ ማስረጃው ጋር ይጣላል።

አንዱ መዝገብ ሁለት ዓመት የሚወልድበት ምክንያት ከገጾቹ አሠራር የሚመጣ ነው። የድረ ገጽ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ገጹን እንደ አዲስ አይጽፍም። ቴምፕሌት የሚባል፥ ስምና ቀን የሚገባበት ባዶ ቦታ የተተወለት ሻጋታ አለው፤ ሻጋታውን በመረጃ የሚሞላው ክፍል ቴምፕሌት ኢንጂን ይባላል። ሻጋታው ራሱ እንዲያሰላ ስለማይፈለግ፥ ቀን የሚለውጥ ወይም ሰዓት የሚያስተካክል አጭር ፈንክሽን ከጎኑ ይቆምለታል። ይህ አጋዥ አንድ ጊዜ ተጽፎ በየሻጋታው በስሙ ይጠራል። ሠራተኛው ቸኩሎ ስሌቱን በየገጹ የገለበጠው እንደ ሆነ ግን፥ አንዱ ሲታረም ሌላው ሳይታረም ይቀራል።

ሐሳቡ ከድረ ገጽ እጅግ ይቀድማል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ ከጀመረ በኋላ፥ ተደጋግመው የሚያስፈልጉ ስሌቶች በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ተዘጋጅተው እንደ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ስፍራ ይጠበቁ ነበር። ዊልክስ፥ ዊለርና ጊል እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተሙት መጽሐፍም ይህን አሠራር ለሌሎች አስተማረ።

ለባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ትውፊት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ደረሰው የሚለው ይህ ቁጥር የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የ2016 ዓ.ም. ስሌት ለምሳሌ ይበቃል። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ይወጣል፤ መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በጥቅምት ይውላል። ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነበረ፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ ሁለቱ ተደምረው መባጃ ሐመሩ 18 ሆነ፤ ጾመ ነነዌም የካቲት 18 ገባ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላው በዓል ከሥር ጀምሮ የሚያሰላ የለም። ለትንሣኤ 69፥ ለዕርገት 108፥ ለጰራቅሊጦስ 118 ቀን ይጨመራል፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 27 ዋለ። መባጃ ሐመሩ ቢሳሳት በዓላቱ ሁሉ አብረው ይሳሳታሉ፤ ሲታረም ደግሞ አብረው ይታረማሉ። የየበዓሉን ቀን ለብቻው የሚያሰላ ሰው ይህን ጥቅም አያገኝም።

በድረ ገጽ ዘመን እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሬይልስ ለአጋዦች የተለየ ማኅደር መደበላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣው መስታሽ ሻጋታው ከስሌት ሁሉ እንዲጸዳ አደረገ፤ በ2010 የተከተለው ሃንድልባርስ ደግሞ አጋዦችን በስም እያስመዘገበ ይጠራቸው ጀመር። እዚህ ላይ አዲስ ችግር መጣ፤ በአንድ ስም ሁለት አጋዥ ቢመዘገብ የኋለኛው የፊተኛውን ይተካዋል። «ቀን» የሚል ስም ብቻ የተሰጠው አጋዥ የማን አቆጣጠር እንደሚመልስ አይታወቅም፤ ስለዚህ ስሙ ራሱ አቆጣጠሩን መናገር አለበት። የሰዓቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። ከጠዋቱ 9 ሰዓት የሚለውን የፈረንጅ አቆጠራር 3 ሰዓት የሚያደርገው አጋዥ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጠራ ቁጥሩ ተመልሶ 9 ይሆናል፤ ትክክል የሚመስል ስሕተት ስለሆነም ማንም ሳያስተውለው ያልፋል።

ኢትዮጵያውያን በዚህ ሥራ ዘግይተው አልገቡም። ዳንኤል ያዕቆብ ለፐርል ቋንቋ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርና የግዕዝን ቁጥር የሚለውጡ አጋዦች ጽፎ ማንም እንዲጠቀምባቸው አውጥቷል። የሉማሜውን ልጅ ቀን የሚያቃናው ደንብም አጭር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች፤ የሚቀጥለው መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል። ነገር ግን የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2100 ሠግር ስለማይኖረው፥ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይጨምራል። ደንቡን በአርባ ገጽ የበተነ ሰው ለተተኪው አርባ እርማት ያወርሰዋል።

ዛሬ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በታወቁት የድረ ገጽ ማሰሻዎች ውስጥ ተካቶ ስለሚገኝ፥ ቀን የሚለውጠው አጋዥ ሥራውን ለእነርሱ አስተላልፎ ውጤቱን መቀበል ይችላል። ማሰሻው ግን ወንበርና መጥቅዕ አያውቅም፤ ነነዌ መቼ እንደምትገባ፥ ትንሣኤ መቼ እንደሚውል የሚያወጣው አጋዥ አሁንም በፕሮግራመኛው እጅ ይጻፋል።