የአባያ ዳር ሌባ ስንት ነው?

«ባሕር ዳር» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ነው። ወላይታም የራሱ ባሕር ዳር አለው ብል ግን አልዋሸሁም። ከሶዶ ተነስታችሁ፣ የዳሞታን ተራራ ከኋላችሁ ትታችሁ፣ በአርባ ምንጭ መንገድ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ሁምቦ ጠበላን ካለፋችሁ በኋላ በስተግራ በኩል ቀላ ያለ ውሃ ብቅ ይላል። አባያ ነው። ቀለሙን ያገኘው ጎርፍ ከደጋው ጠርጎ ከሚያመጣለት አፈር ነው። በሰሜን በኩል የብላቴ ወንዝ ይገባበታል፤ ከወንዙ ወዲህ ወላይታ፣ ከወንዙ ወዲያ ሲዳማ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ስወርድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ይከራከሩ ነበር። አንዱ ወጣት መምህር ነው፤ ሌላው ሸምገል ያሉ የበቆሎ ነጋዴ። መምህሩ «ወንጀል ጨምሯል እኮ ጋሼ፣ ስብሰባ ላይ የቀረበውን ሪፖርት አልሰሙም?» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ «አንተ ልጅ፣ በኛ ጊዜ በዚህ ሰዓት በዚህ መንገድ ማን ያልፍ ነበርና ነው ጨመረ የምትለኝ?» ይሉታል። አንዱ ሌላውን ሳያሳምን ብዙ መንገድ ሄድን። እኔም ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ እንዴ?

ይችላሉ። ምክንያቱም ሪፖርት ላይ የሚቀርበው የወንጀል ቁጥር የወንጀሉ ቁጥር አይደለም፤ መዝገብ ድረስ የመጣው ወንጀል ቁጥር ነው። የፖሊስ ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ፣ ሁለት ፍየል የጠፋችበት ገበሬ የቀን ሥራውን ትቶ አይሄድም። ጣቢያው ሲቀርበው፣ ስልክ እጁ ሲገባ፣ ያመለክታል። ያን ጊዜ «ወንጀል በዚህን ያህል እጅ ጨመረ» ይባላል። ፖሊስ በሌለበት ሌባ የለም፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ስለዚህ ስለ አባያ ዳር ጸጥታ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከመዝገቡ በፊት ታሪኩን ቢያይ ይሻለዋል።

በወላይታ ነገሥታት ዘመን ሰው የሚበዛው ደጋው ላይ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው። ጎጆው በእንሰት ተከቦ፣ የአንዱ ጓሮ ከሌላው ጓሮ ተጣብቆ፣ አንዲት ሴት በሌሊት ኡኡ ብትል ሃያ ቤት ይሰማታል። ቆላው፣ ማለትም የሐይቁ ዳር፣ የወባና የቆላ ዝንብ አገር ነው። ከብት ለግጦሽ ይወርዳል፣ አዳኝ ይወርዳል፤ ቤት ሠርቶ የሚያድር ግን ጥቂት ነው። ነገሥታቱም ያስጨነቃቸው ሌባ ሳይሆን ጦር ነው። በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው የድንጋይ ካብ የተሠራው በግ የሚሰርቀውን ለማስቆም አይደለም። ለሌባውማ ሽማግሌ ነበረ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የዱቡሻ ሜዳ ነበረ፤ የተጣላ ሳይታረቅ ጊፋታን መሻገር ነውር ነበረ። ይህ የመጨረሻው እስከ ዛሬ ያለ ነው፤ ወላይታ አዲሱን ዓመት ሲቀበል ዕዳውን ከፍሎ፣ ቂሙን አራግፎ ነው።

ካቡ ግን የመጣውን ጦር አላስቆመም። በ1887 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ሠራዊት ወላይታን ወጋ። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ዘመቻውን አብሮ የተጓዘ ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ ያየውን በመጽሐፍ ጽፎታል፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የደረሰው ድርሻ ብቻ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ከብትና ከሺህ በላይ ምርኮኛ እንደነበር ከዚያው እንረዳለን። እስኪ አስቡት። ከዚያ ወዲህ በአባያ ዳር የተሰረቀ ከብት ሁሉ ቢደመር በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ከተነዳው መድረሱን እጠራጠራለሁ። በየትኛውም የወንጀል መዝገብ ላይ ግን አልተጻፈም። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰው የሸጠ ሰው በብዙ ቦታ ነጋዴ እንጂ ወንጀለኛ አይባልም ነበር። ቁጥር ከሕግ በኋላ ነው የሚመጣው።

ከዘመቻው በኋላ ሹሙ መጣ፣ መልከኛው መጣ፣ ገባሩ መሬቱ ላይ ሆኖ ለሌላ ሰው አዳሪ ሆነ። ከመሀል አገር ሹሞች ጋር ወደ ደቡብ የወረደ አንድ የወንጀል ምርመራ ዘዴ ነበር፤ አውጫጭኝ። በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሱት ይሆናል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ለቀናት፣ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። የሚያውቅ ሰው በአደባባይ ስም መጥራት ስለሚፈራ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ለተመረጡት ሽማግሌዎች ሹክ ይላል። ሌባው ከተገኘ ተገኘ፤ ካልተገኘ ዕዳው የሁሉም ነው፤ ተዋጥተው ይከፍላሉ።

ብዙ የተማሩ ሰዎች አውጫጭኝን ሲያነሱ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ የጎረቤትህ በሬ ሲጠፋ ያንተም ጉዳይ ይሆናል። ካልተናገርክ ከኪስህ ይወጣል። ለአንድ ፖሊስ በሌለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ደግሞ አላሞግሰውም። ወፏ ብዙ ጊዜ የምታርፈው ዘመድ በሌለው ሰው ጣሪያ ላይ ነው። መጤው፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ከባላባቱ ጋር የተኳረፈው፤ እነዚህ ስማቸው በቀላሉ ይጠራል። ፖሊስ በአዋጅ የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ምርመራውን ለፖሊስ፣ ክሱን ለዓቃቤ ሕግ ሰጠ። በወረቀት ላይ አውጫጭኝ ያኔ አበቃለት። ገጠሩ ውስጥ ግን ነጭ ለባሹና ጭቃ ሹሙ ገና ብዙ ዓመት ቀሩት።

አባያ ዳር በሰው የተሞላው በዚሁ ሰሞን ነው። ደጋው ሞልቶ ፈሰሰ። አንድ ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ መሬት ላይ እንሰቱን፣ ስኳር ድንቹን፣ ልጆቹን ማሳደግ አልቻለም። የወላይታ አውራጃ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ወልደ ሰማዕት ገብረ ወልድ ሰዉን ወደ ቆላ የማስፈር ሥራ ጀመሩ። በ1962 ዓ.ም. ዋዱ የሚባለው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በዓለም ባንክ ብድር ሶዶ ላይ ሲቋቋም ሥራውን አስፋፋው፤ አበላና በሌ የሰፈራ ቦታዎች ሆኑ። የሶዶ ሰዎች የዋዱን ስም ዛሬም ሲያነሱ የሆነ ናፍቆት አለበት።

የሰፈራን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ በቆሎው፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ብድሩ ብዙ ብለዋል። እኔን የሚገርመኝ ኡኡታው ነው። ደጋ ላይ ሃያ ቤት የሚሰማት ሴት፣ አሁን መሬት ተለክቶ ሰፊ ማሳ መሀል ተቀምጣለች። ብትጮህ ማን ይሰማል? ጎረቤቷ ከሌላ ቀበሌ የመጣ፣ አባቱን የማታውቀው፣ ለቅሶ አብራው ያልተቀመጠች ሰው ነው። ማዶ ደግሞ ከሰፋሪው በፊት ቆላውን ለግጦሽ የለመዱ ከብት አርቢዎች አሉ። ለእነሱ ሰፋሪው መሬት የነጠቃቸው ነው፤ ለሰፋሪው እነሱ ሰብል የሚያስበሉ ናቸው። እንግዲህ በሬ ጠፋ። ሌባ ወሰደው? ወይስ ማሳው የተረገጠበት ሰው መያዣ አደረገው? ወይስ ግጦሹ የታጠረበት ሰው ተበቀለ? መዝገቡ ላይ ሦስቱም «የከብት ስርቆት» ይባላሉ። መፍትሔያቸው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ፖሊስ ይይዘዋል፤ ሌሎቹን ሁለቱን ፖሊስ ብቻውን ከያዛቸው ያባብሳቸዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ። የገበሬ ማኅበር መጣ፣ ከሱ ጋር ፍርድ ሸንጎና አብዮት ጥበቃ መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛና ጠመንጃ ቀበሌ ድረስ ወረዱ ማለት ነው። ፍየል ሌባ ቀነሰ የሚሉ ሽማግሌዎች ገጥመውኛል፤ እነዚያው ሽማግሌዎች ግን ስለ አፈሳውና ስለ ብሔራዊ ውትድርናው ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ልጅህ በሌሊት ተወስዶ ፍየልህ በረቱ ውስጥ ካደረ «ሰላም ነው» ይባላል?

ቁጥር እንዴት እንደሚያታልል የሚያሳይ አንድ ነገር ላንሳ፤ ጠለፋ። በአባቶቻችን ዘመን ስንት ሴት ልጅ ከውሃ መንገድ ላይ እንደተጠለፈች የሚነግረን መዝገብ የለም። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ትዳር ይሆናል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል አለው፤ ግን ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ነገሩ እንዲያበቃ በር ተወለት። በሕግ ቋንቋ ሲታይ ወንጀሉን የሚፍቀው ራሱ ወንጀሉ ነበር። ይህን በር የዘጋው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው። ጠላፊ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ የሴት ልጅ ግርዛትም በስሙ ተጠርቶ ወንጀል ሆነ። በጎረቤት ከምባታ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት ይህንኑ ሲታገሉ፣ ነገሩን ወደ አደባባይ አውጥተው፣ ሽማግሌው ራሱ እንዲናገርበት አደረጉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የጠለፋ ክስ ይበዛል። አንድ የወረዳ ኃላፊ «በዚህ ዓመት በሴቶች ላይ የሚፈጸም ወንጀል ጨመረ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሪፖርት ሲያቀርብ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ አጨበጭብለታለሁ። አሥር ክስ ካለበት ወረዳ ይልቅ አንድም ክስ የሌለበት ወረዳ ነው የሚያስፈራኝ። ሽማግሌን የምወድ ሰው ነኝ፤ ግን ሽማግሌ ያላት አገር ሁሉ ለልጃገረድ ሰላም አልነበረችም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። የወላይታ ሰው በብዛት የሞተባቸውና የተፈናቀለባቸው ቀናት የሌባ ቀናት አይደሉም። በ1990ዎቹ መባቻ «ወጋጎዳ» በሚባል የቅልቅል ቋንቋ መጽሐፍ ምክንያት ሶዶ ተነሳች፤ ሰው ሞተ፤ ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በጨምበላላ ሰሞን ሐዋሳ ላይ የወላይታ ተወላጆች ተጠቁ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ተፈናቀሉ፣ ቁጣው ሶዶ ድረስ መጣ። የብላቴ ማዶና የብላቴ ወዲህ ሰው በአንድ ገበያ የሚገናኝ፣ የሚጋባም ነው፤ ግን ወሬው በስልክ ከደረሰ በኋላ ብላቴ ባሕር ሆነ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ ባለሥልጣናት ሲታሰሩ በሶዶና በቦዲቲ በተነሳው ተቃውሞ ከአሥር በላይ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ሞቱ። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ቢሮው በዝቷል፣ የደንብ ልብስ በዝቷል። ይህ ሁሉ «የወንጀል መጠን» በሚለው ሰንጠረዥ ውስጥ የት ይግባ?

ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለም እንዳትሉኝ ሁምቦን ላንሳ። ከሐይቁ በላይ ያለው ተራራ ተራቁቶ ነበር። ከሰል የሚያከስል፣ ማገዶ የሚቆርጥ፣ ከብት የሚለቅ፤ ሁሉም ሌባ ነው፣ ማንም ሌባ አይደለም፤ ንብረቱ የማን እንደሆነ አይታወቅማ። በ1999 ዓ.ም. ገደማ 2,728 ሄክታር ተከልሎ፣ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው፣ ደኑ በባለቤትነት ተሰጣቸው። ጉቶው ራሱ አቆጠቆጠ። ማኅበራቱ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ መቼ ሣር ይታጨዳል፣ ማን ይገባል፣ የገባ ምን ይቀጣል። በ2002 ዓ.ም. የካርቦን ሽያጭ ፕሮጀክት ሆኖ በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዘገበ። ትናንት እንጨት ሲቆርጥ የነበረው ሰው ዛሬ ቆራጭ ሲያይ ኡኡ ይላል። ፖሊስ አልተጨመረም፤ የሚመለከተው ሰው ነው የተጨመረው። ድሮ አውጫጭኝ በቅጣት ሊያመጣው የሞከረውን ነገር እዚህ ባለቤትነት አመጣው።

ውሃው ዳር ግን ገና ነው። ሌሊት መረብ ጥሎ ጠዋት ባዶ ገመድ የሚያገኝ ዓሣ አስጋሪ አለ። ቆሮሶውና አምባዛው የማን ነው? ሐይቁን ወላይታ፣ ጋሞ፣ ሲዳማ፣ ጉጂ ይጋሩታል፤ የአንዱ ቀበሌ ሚሊሻ ከውሃው አፋፍ አያልፍም። አዞውንማ ማን ይከሰዋል።

ነጋዴው አባት መሸት ሲል ወረዱ። መምህሩ ኬሻቸውን አወረደላቸው። «ማን ይቀበልዎታል ጋሼ?» አላቸው። መልስ አልሰጡትም፤ ወደ ጨለማው ዞረው አንድ ስም ጠሩ፣ ከሩቅም አንድ ልጅ አቤት አለ።