ሆምስቴድ፦ የአቅኚ ይዞታ

«ሆምስቴድ» በአሜሪካ የመሬት ታሪክ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከመንግሥት መሬት የተወሰነ ቁራሽ ተረክቦ፣ ቤት ሠርቶበት፣ አርሶትና በላዩ ኖሮበት ሕጉ የጠየቀውን ዘመን ሲፈጽም ያለ ሽያጭ ዋጋ የግል ንብረቱ የሚያደርገው የእርሻ ይዞታ ነው። በአማርኛ «የአቅኚ ይዞታ» ቢባል ፍቺውን በሚገባ ይሸከማል፤ ማቅናት ጠፉን መሬት አልምቶ ለመኖሪያ ማብቃት ነውና። «ርስት» የሚለው ቃል የሚቀርብ ቢመስልም አይስማማውም፤ ርስት ከአያት ከቅድመ አያት በዘር ቆጠራ የሚወርድ፣ ዘመድ የሚካፈለው መብት ሲሆን፣ ሆምስቴድ ግን ከራሱ ከባለይዞታው የሚጀምርና ባለቤቱ ካሻው የሚሸጠው ነው። «ሰፈራ»ም መንግሥት ሕዝብን በጅምላ የሚያዛውርበትን ሥራ ስለሚያስታውስ፣ በራሱ ፈቃድና ወጪ ጋሪውን ጭኖ ወደ ምዕራብ ለተጓዘ ገበሬ አይሆንም።

የቃሉን ሕጋዊ ይዘት የወሰነው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በሜይ 20 ቀን 1862 የፈረሙት አዋጅ ነው። በአዋጁ መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው፣ ያላገቡና ባል የሞተባቸው ሴቶችም ጭምር፣ ዜጋ ከሆነ ወይም ዜጋ ለመሆን ማሰቡን ካስመዘገበና በመንግሥት ላይ መሣሪያ አንሥቶ የማያውቅ ከሆነ፣ 160 ኤከር ማለትም 65 ሄክታር ያህል፣ በኢትዮጵያ የቀድሞ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ መሬት መያዝ ይችል ነበር። አምስት ዓመት ከኖረበትና ካረሰው በኋላ ሁለት ጎረቤቶቹን ይዞ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ በመሄድ ግዴታውን መፈጸሙን ያስመሰክራል፤ ይህም ማስመስከር ሲጸና የባለቤትነት ሰነዱ ይሰጠዋል። የ160 ኤከሩ መጠን የመጣው ከ1785 ጀምሮ ከተዘረጋው የቅየሳ ሥርዓት ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት ምድሩ በየአንድ ማይል ካሬ እየተሸነሸነ በአዋጁ የእያንዳንዱ ካሬ ሩብ ለአንድ ቤተሰብ ይመደብ ነበር። ወንዙ የት እንደሚያልፍ፣ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ይህ አከፋፈል አልጠየቀም።

የፍልሰቱን መልክ ለማየት ደራሲዋ ሎራ ኢንገልስ ዋይልደር የተወለደችበት ቤተሰብ ታሪክ ይጠቅማል። አባቷ ቻርልስ ኢንገልስ ከዊስኮንሲን ተነሥቶ በ1869 ወደ ካንሳስ ሲሄድ ያረፈው ገና ኦሴጅ የተባለው ነባር ሕዝብ በሆነ መሬት ላይ ስለነበር በ1871 ለቅቆ ወጣ፤ ከዚያም በሚኔሶታ ፕለም ክሪክ በተባለ ወንዝ ዳር የዘራውን ስንዴ አንበጣ በላበት፤ ወደ አዮዋ ሄደ፤ በመጨረሻም በዳኮታ የባቡር ሐዲድ ሥራ አግኝቶ ከሄደ በኋላ በ1880 ዴ ስሜት ከተማ አጠገብ የአቅኚ ይዞታ አስመዘገበ፣ በ1886ም አስመሰከረ። እንግዲህ ወደ ምዕራብ መሄድ በአንድ ጉዞ የሚያልቅ አልነበረም፤ ቤተሰብ በየደረሰበት እየሞከረ፣ እየከሰረና እንደገና እየተነሣ የሚገፋው የዓመታት ድካም ነበር።

ዛፍ ባልነበረበት ሰፊ የሣር ሜዳ ቤት የሚሠራው ሥሩ የተጠላለፈ ሣር ያለበትን አፈር እንደ ጡብ እየቆረጡ በመደርደር ነበር፤ ይህን «የጓል ቤት» ማለት ይቻላል። እንጨት ስለሌለ ብዙዎች የጎሽና የከብት ኩበት ያነዱ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የዝናቡ እጥረት ነው፤ ተመራማሪው ጆን ዌስሊ ፓወል በ1878 ባቀረቡት ሪፖርት ደረቁ ምዕራብ በዝናብ ብቻ እንደማይታረስ፣ ለከብት እርባታም አንድ ቤተሰብ 2,560 ኤከር እንደሚያስፈልገው አስጠንቅቀው ነበር። የአገሪቱ ምክር ቤት በአንዳንድ ደረቅ አካባቢዎች ይዞታው 320 ኤከር እንዲሆን የፈቀደው በ1909 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የብዙ ቤተሰብ ጉልበት በከንቱ ባከነ።

መሬቱ «በነጻ» ተሰጠ ሲባል ግን ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ፦ መሬቱ ባለቤት ነበረው። ለምሳሌ ዳኮታ የተባለው ነባር ሕዝብ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈረሙ የ1851 ውሎች አብዛኛውን የደቡብ ሚኔሶታ ምድሩን አስረከበ፤ አዋጁ በወጣበት በ1862 በረሃብና በተነፈገ ክፍያ ምክንያት ጦርነት ተነሥቶ 38 ዳኮታዎች በማንካቶ ከተማ በአንድ ቀን ተሰቀሉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሕዝቡ ከግዛቱ እንዲወጣ በሕግ ተወሰነ። ይህ እውነት «የአቅኚ ይዞታ» የሚለውን ትርጉም ይበልጥ ተገቢ ያደርገዋል፤ በአማርኛ «አገር ማቅናት» መሬት ማልማትን ብቻ ሳይሆን ሕዝብን በጦር ማስገበርንም ያመለክታልና፣ ቃሉ የገበሬውን ላብም የተፈናቀለውን ሕዝብ ዕጣም አብሮ ይይዛል።

በዚህ ሥርዓት ወደ 1.6 ሚሊዮን የሚሆኑ የባለቤትነት ሰነዶች ተሰጥተው 270 ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ ከአገሪቱ መሬት አንድ አሥረኛው፣ ወደ ግል እጅ ገባ። አዋጁ በ1976 ተሽሮ በአላስካ ብቻ እስከ 1986 ቆየ። ቃሉ ግን በግዛቶች ሕግ ውስጥ ዛሬም አለ፤ በቴክሳስም ሆነ በጆርጂያ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ለሚኖርበት ቤት የንብረት ግብር ቅናሽ ሲጠይቅ በማመልከቻው ላይ የሚያገኘው ይህንኑ ቃል ነው፤ በዚያ አገባቡ ስለ ማቅናት የሚናገረው የለምና «የባለቤቱ መኖሪያ ቤት» ተብሎ ሊተረጎም ይገባል።