ታናሹ የእንፋሎት ባቡር በታሪክ ውስጥ

በጎብዬ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። ማሽላውን በአህያ ጭኖ የመጣ ገበሬ «ባቡር ቤት ልሄድ ነው» ቢል ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው የለም። ቃሉ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ በኢጣልያንኛ «ቫፖሬ»፥ በፈረንሳይኛ «ቫፐር» ከሚባለውና ትርጓሜው እንፋሎት ከሆነው ቃል ተነሥቶ፥ በዐረብኛ አፍ ተለውጦ ወደ እኛ ደረሰ። እንግዲህ በናፍጣ የሚዞረው የጎብዬ ወፍጮ እንፋሎት ሳይኖረው በእንፋሎት ስም ይጠራል ማለት ነው። እኛም በዚያ ሀገር ስናድግ ስሙን አውቀን ነገሩን ሳናውቅ ቆየን።

በዚህች ጽሑፍ የምንመረምረው በእውነተኛ እሳትና በእውነተኛ እንፋሎት የሚሄዱ ታናናሽ ሎኮሞቲቮችን የመሥራት፥ የመሰብሰብና የማስኬድ ልማድን ነው። ይህ ልማድ በእንግሊዝ፥ በጀርመንና በስዊስ ሀገር ብዙ ወዳጆች አሉት። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «የባለጠጋ ጨዋታ ነው፤ የታሪክ ተማሪ ምን አገባው?» ብለውናል። ጨዋታ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የነገሩን መነሻ በፈለግን ጊዜ ታናሹ ባቡር በዕድሜ ከታላቁ ይልቅ ታላቅ ሆኖ አገኘነው።

የእንፋሎት መኪና ታሪክ ትልቁ እርምጃ የተደረገው በአንድ ኮሌጅ ዕቃ ላይ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1763 ዓ.ም. ገደማ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ማሳያ ያስቀመጠው የኒውኮመን የእንፋሎት መኪና ታናሽ አምሳያ አልሠራ ስላለ፥ እንዲያበጀው ለጄምስ ዋት ተሰጠ። ዋት የዩኒቨርሲቲው የመሣሪያ ሠራተኛ ነበረ። አምሳያውን አበጅቶ ቢያስነሣው ጥቂት ጊዜ ብቻ ከፍና ዝቅ ይልና እንፋሎቱ አልቆበት ይቆማል። ታላቁ መኪና ቀኑን ሙሉ ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ ሲቀዳ፥ ይኸው አምሳያ በልኩ ተሠርቶ ሳለ ለምን ይደክማል? ዋት ይህን ጥያቄ ይዞ ሲያወጣ ሲያወርድ፥ ሲሊንደሩ በየጊዜው እየቀዘቀዘ ብዙ እንፋሎት በከንቱ እንደሚያባክን ተረዳ። በ1765 ዓ.ም. እንፋሎቱ ከሲሊንደሩ ውጭ በሌላ ዕቃ እንዲቀዘቅዝ የማድረግን ሐሳብ አገኘ። በየፋብሪካው የገባው የእንፋሎት መኪና ከዚህ የመጣ ነው።

የዋትን ችግር የዛሬው የታናሽ ባቡር ወዳጅም ያውቀዋል። አንድ ሎኮሞቲቭ በዐሥረኛ እጅ አሳንሰን ሠራን እንበል። ርዝመቱ ዐሥር ጊዜ ያንሳል፤ የብረቱ ገጽ ግን መቶ ጊዜ፥ የሚይዘው ውኃ ደግሞ ሺህ ጊዜ ያንሳል። 4,000 ሊትር ይይዝ የነበረው አሁን 4 ሊትር ብቻ ይይዛል ማለት ነው። ሙቀት የሚያመልጠው በገጽ በኩል ስለሆነ፥ እያንዳንዱ ሊትር ውኃ ከታላቁ ይልቅ ዐሥር እጥፍ ለብርድ የተጋለጠ ይሆናል። እሳቱ የሚያልፍባቸው ቧንቧዎችም ልክ በልክ ቢቀጥኑ ጥላሸት ይዘጋቸዋል፤ ስለዚህ ዐዋቂው ሠራተኛ ቍጥራቸውን ቀንሶ ሰፋ ያሉ ቧንቧዎች ያገባል። የውኃውን ከፍታ የሚያሳየው የመስተዋት ቧንቧ እጅግ ከቀጠነ ውኃው በመስተዋቱ ግድግዳ ላይ እየተሳበ ሐሰት ይናገራል። በውስጡ ውኃ ሳያልቅ አለቀ፥ አልቆ ሳለ አለ እያለ ሰውን ያሳስታል። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ቀመር አንብበን ፈተና አልፈንበታል፤ በእጁ የሠራው ሰው የሚያውቀው ግን ሌላ ዓይነት ዕውቀት መሆኑን እናምናለን።

ከዋት በኋላም መንገዱ በታናሹ በኩል ነበረ። የዋት ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ዊሊያም መርዶክ በ1784 ዓ.ም. በኮርንዎል አውራጃ በራሱ ኀይል የሚሄድ ታናሽ የእንፋሎት ሠረገላ ሠርቶ አስኬደ። በዚያው አውራጃ የተወለደው ሪቻርድ ትሬቪቲክም በመጀመሪያ አምሳያዎችን ሠራና፥ በ1804 ዓ.ም. በዌልስ ሀገር ዐሥር ቶን ብረት ከሰባ ሰዎች ጋራ በሐዲድ ላይ የጎተተውን ሎኮሞቲቭ አቆመ። በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም፤ በማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ ይገኛልና።

ለእኛ ከእንግሊዝ ይልቅ የሚጠቅመው የጃፓን ምሳሌ ነው። በ1853 ዓ.ም. የሩስያው አድሚራል ፑትያቲን ናጋሳኪ ወደብ ደርሶ በመርከቡ ላይ አንድ ታናሽ የእንፋሎት ባቡር አሳየ። በማግሥቱ ዓመት በ1854 የአሜሪካው ኮሞዶር ፔሪ ለጃፓን መንግሥት ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል ከእውነተኛው አንድ አራተኛ የሚያህል ሎኮሞቲቭ ከነሠረገላውና ከነሐዲዱ ነበረበት። በዮኮሃማ ሐዲዱ በክብ ተዘረጋ፤ ሠረገላው ለልጅ እንኳ የሚጠብብ ስለ ነበረ የጃፓን ሹማምንት በጣራው ላይ ተቀምጠው ልብሳቸው በነፋስ እየተውለበለበ ዞሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ይሥቃሉ። እኛ ግን ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ የሆነው ይመስለናል፤ በ1855 ዓ.ም. በሳጋ ግዛት ታናካ ሂሳሺጌና ጓደኞቹ በስፒሪቶ የሚነድ ታናሽ ሎኮሞቲቭ በገዛ እጃቸው ሠሩ። የመጀመሪያው የጃፓን ምድር ባቡር ከቶኪዮ ወደ ዮኮሃማ የሄደው በ1872 ነው። ታናሹ ታላቁን በዐሥራ ሰባት ዓመት ቀደመው። ሐዲዱንና ሎኮሞቲቮቹን እንግሊዞች ቢያመጡም፥ ነገሩን ከውስጥ የሚያውቁ ጃፓናውያን አስቀድመው ነበሩ።

በዚያው ዘመን በሀገራችን ምን ይደረግ ነበር? ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የሚስዮን ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ያስቀልጡ እንደ ነበረ ሁሉ ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው በ1858 ዓ.ም. በጣና ላይ ያደረጉትን ሙከራ ነው። እስረኛ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፥ ንጉሡ ስለ እንፋሎት መርከብ ሰምተው በደንገል ታንኳ ላይ መንኰራኵር አስገጥመው በሰው እጅ እንዲዞር አደረጉ። እሳትና እንፋሎት አልነበረበትም፤ ቅርጹ ግን ነበረ። ፈረንጆቹ እንደ ቀልድ አዩት። እኛ ከሳጋው ሎኮሞቲቭ ጋራ አስተያይተን ስናየው አሳባቸው አንድ ነበረ እንላለን፤ የተለየው ታናካ የሚያየው አምሳያ ስለ ነበረው፥ ቴዎድሮስ ግን ወሬ ብቻ ስለ ነበራቸው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ እውነተኛው ሎኮሞቲቭ መጣ፤ የመጣው ግን ከጠላት ጋራ ነው። የናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ወደብ እስከ ኩማይሌ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ዘርግቶ ስንቁን አመላለሰበት። ሠራዊቱ ወደ መቅደላ ሲወጣ ከራያ ሜዳ በላይ ባለው ደጋ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አለፈ። የአያቶቻችን ሀገር ሰዎች ዝሆንና መድፍ አዩ፤ ባቡሩ ግን በባሕሩ ዳር ቀረ፥ ዘመቻውም ሲያልቅ ሐዲዱ ተነቅሎ በመርከብ ተመለሰ።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ ኢንጂነር ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። የገንዘብና የፖለቲካ ጣጣ ብዙ ዓመት ካቆመው በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፥ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበረ። በመካከሉ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በመንገድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት መኪና ወደ አዲስ አበባ አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። የከተማው ሰው ያን ግዙፍ ብረት ሲያጓራ አይቶ ተደነቀ፥ ተረተበት፥ ሳቀበት። ከፍቶ ውስጡን ያሳየው ግን አልነበረም። ታላቁ ነገር ያለ ታናሹ ሲመጣ የሚሆነው ይህ ነው። ሰው ይፈራዋል ወይም ይለምደዋል፤ ሁለቱም ማወቅ አይደሉም።

ውስጡን ያወቁ ኢትዮጵያውያን በኋላ በድሬዳዋ የጥገና ቤት ተገኙ። እሳት አንዳጆች፥ ነጂዎች፥ በቶርኖና በሞረድ የተካኑ ባለ እጆች ነበሩ። ነገር ግን ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እየገቡ እንፋሎቱን አስለቀቁት። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቆ አሮጌው መስመር ከነጭራሹ ተረሳ ለማለት ደረሰ። ያ የእጅ ዕውቀት በጽሑፍ እምብዛም አልተያዘም፤ ባለ ዕውቀቶቹም ዕድሜ አይጠብቃቸውም።

በዚህ ነገር ጎረቤታችን ኤርትራ በልጣናለች። ከምጽዋ ወደ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወጣው የኢጣልያኖች ሐዲድ በጦርነት ጠፍቶ፥ ብረቱም ለምሽግ ተወስዶ ነበረ። በ1986 ዓ.ም. ገደማ ሥራው እንደገና ሲጀመር ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች፥ አንዳንዶቹ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው፥ ተመልሰው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩትን የአንሳልዶ ሎኮሞቲቮች አስነሡ። እነዚህን ለማየት ከአውሮጳ ድረስ ገንዘብ ከፍለው የመጡት የእንፋሎት ባቡር ወዳጆች ናቸው፤ እነዚያው ጓደኞቻችን «ጨዋታ» ያሏቸው ሰዎች ማለት ነው።

እነዚህ ወዳጆች እንደ ማኅበር የቆሙት በ1898 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ፐርሲቫል ማርሻል በለንደን «ዘ ሞዴል ኢንጂኒር» የተባለውን መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ የአምሳያ ሠሪዎችም ማኅበር በዚያው ዓመት ተመሠረተ። ከዚያ በፊት የሚሸጡት ታናናሽ ባቡሮች ከነሐስ የተሠሩ፥ በወለል ላይ ውኃ እያንጠባጠቡ የሚሄዱ መጫወቻዎች ነበሩ። ጀርመናዊው ሜርክሊን በ1891 የሐዲዱን ስፋት በቍጥር ወስኖ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው አንድ ሎኮሞቲቭ ዛሬ፥ ሌላ ሠረገላ ለከርሞ እየገዛ መሰብሰብ ቻለ። በ1920ዎቹ ደግሞ «ኤል ቢ ኤስ ሲ» በሚል ስም የሚጽፍ አንድ እንግሊዛዊ ታናሽ ሎኮሞቲቭ በስፒሪቶ መብራት ሳይሆን በድንጋይ ከሰል ነዶ ሙሉ ሰው መጎተት እንደሚችል አሳየ፤ ሥዕሉንና የአሠራሩን ዝርዝርም ለማንኛውም ባለ እጅ እንዲገባ አድርጎ በየሳምንቱ ጻፈ። የፋብሪካ ሠራተኛው ማታ ማታ በጓሮው ይሠራ ጀመር። ከመዳብ የተሠራው ቦይለር በብር ተበይዶ፥ ከመነደዱ አስቀድሞ ከሚሠራበት ግፊት ሁለት እጥፍ በሆነ የውኃ ግፊት ይፈተናል። ውኃ እንደ እንፋሎት ስለማይሰፋ ብረቱ ቢሰነጠቅ እንኳ ሰው አይጎዳም። ይህን ያልፈተነ ሰው እሳት እንዲያነድ ማኅበሮቹ አይፈቅዱም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በተማርንበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ አንዲት ታናሽ የነሐስ የእንፋሎት መኪና ነበረች። አራት ዓመት በመስተዋቱ አሻግረን አየናት፤ እሳት ግን አንድም ቀን አልተለኰሰላትም። «ትሰበራለች» ይባል ነበረ። የግላስጎውም አምሳያ ተሰብሮ ነበረ።

በጎብዬ ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ይሠራሉ፤ መሪ አለው፥ ይታጠፋል። ባቡር ሲሠሩ ግን አላየንም፤ የሚያዩት ባቡር የለማ። ከሐራ ገበያ ተነሥቶ በራያ ሜዳ በኩል ወደ መቀሌ እንዲሄድ በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው መስመር በ2013 በተነሣው ጦርነት ተቋረጠ። እሱም ቢፈጸም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ኀይሉ ከየት መጥቶ መንኰራኵሩን እንደሚያዞር በዓይን አይታይበትም። በእንፋሎት ባቡር ግን እሳቱ፥ ውኃው፥ ፒስተኑና ዘንጉ ሁሉ በግልጥ ናቸው። ስለዚህ ለማስተማር ከእሱ የሚሻል ዕቃ አናውቅም።

ለኢትዮጵያ ሎኮሞቲቭ የሚስማማ ልክም ተዘጋጅቶ ይገኛል። በገበያ የሚሸጠው 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ለአንድ ሜትሩ ሐዲዳችን ሃያ ሁለት ተኩል ጊዜ ያነሰ አምሳያ ይሆናል። በዚህ ልክ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ወደ 35 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ከወልድያ ቆቦ ካለው መንገድ ያነሰ ነው። ከባሕሩ ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለውም ከፍታ 104 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል ሐዲድ የሚዘረጋ ማንም የለም። ለመጀመሪያው ሙከራ ግን ከቤተ ሙከራው በስተኋላ ያለው ባዶ ግቢ፥ ወርዱም ቁመቱም ስምንት ሜትር ቢሆን፥ ይበቃል።