የለበጣ ዘጋቢ፦ «ሞኩመንተሪ» በአማርኛ

ዘጋቢ ፊልም መስሎ የተሠራ የፈጠራ ፊልም በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም «ሞኩመንተሪ» ይባላል። ባለታሪኮቹ ካሜራ ፊት ተቀምጠው ቃለ መጠይቅ ይሰጣሉ፤ ከግርጌ ስማቸውና ሥራቸው ይጻፋል፤ ካሜራው በሰው እጅ ተይዞ ይዋልላል፤ ተራኪው በረጋ ድምፅ ቀንና ቦታ እየጠራ ያስረዳል። ይህ ሁሉ ግን አስቀድሞ የተጻፈ፣ የተጠናና የተተወነ ነው። ስሙ በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1984 የሮብ ራይነር «ዲስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ» ከወጣ በኋላ ቢሆንም ሥራው ከዚያ ይቀድማል። ዉዲ አለን እ.ኤ.አ. በ1969 በሠራው «ቴክ ዘ መኒ ኤንድ ራን» ውስጥ የአንድ የማይሳካለት ሌባ ታሪክ በተራኪ ድምፅ፣ በወላጆቹና በሚያውቁት ሰዎች ቃል እንደ ትልቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ይተረካል። ስለዚህ ይህ ዓይነት ፊልም ገና በጠዋቱ ከወንጀል ጋር ተዋውቋል፤ ጥቁር ኮሜዲ ከሚባለው፣ ሞትንና ጥፋትን ለሳቅ ከሚያቀርበው የቀልድ ዓይነት ጋር የተጋባውም በዚሁ በር ነው።

ዶክመንተሪን «ዘጋቢ ፊልም» ብለን ከተቀበልን ቆይተናል። ሞኩመንተሪን ግን ምን እንበለው? መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጡት «ሐሳዊ ዘጋቢ» እና «አስመሳይ ዘጋቢ» ናቸው። ሁለቱም ስህተት ናቸው ብዬ እከራከራለሁ። «ሐሳዊ» በአማርኛ ጆሮ ላይ ሐሳዊ መሲሕን ይዞ ይመጣል፤ አሳች ነው፣ እንዲታመን የሚፈልግ ነው። «አስመሳይ»ም የሰው ጠባይ ነቀፋ ነው። ሞኩመንተሪ በተቃራኒው ተመልካቹ እንዲነቃበት የሚሠራ ነው፤ ካልተነቃበት ከሽፏል። ለዚህ የሚስማማው ቃል «ለበጣ» ይመስለኛል። ለበጠ ማለት በአንድ ፊቱ ላዩን በወርቅ ወይም በብር ሸፈነ ማለት ነው፤ በሌላ ፊቱ አላገጠ፣ አፌዘ ማለት ነው። ፊልሙ የሚያደርገውም እነዚህኑ ሁለቱን ነው፤ የፈጠራን ታሪክ በዘጋቢ መልክ ይለብጣል፣ በዚያው መልክ ደግሞ ይሳለቃል። ከዚህ በላይ ደግሞ ለበጣ ከውሸት የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ውሸት የሚሠራው ሰሚው እስካላወቀ ድረስ ነው፤ የለበጣ ሳቅ ግን የሚሳቅበት ሰው ለበጣ መሆኑን ሲያውቅ ነው ሥራውን የሚሠራው። ስለዚህ «የለበጣ ዘጋቢ» እንበለው።

«ለበጣ ቅንነት የጎደለው ነገር ነው፤ ቁም ነገር ያለውን ጥበብ ያቀለዋል» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ቃሉ በዕለት ንግግራችን ውስጥ ለምስጋና አይውልም። ግን ስሙ የሚገልጸው የፊልሙን መልክ እንጂ የሠሪውን ልብ አይደለም። በዚያ ላይ ቃሉ ጠባብ መሆኑ ጥቅም አለው። የፒተር ዋትኪንስ «ዘ ዋር ጌም» በኑክሌር የተመታችን እንግሊዝ በዘጋቢ መልክ የሚያሳይ፣ ሙሉ በሙሉ የተተወነ ፊልም ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1965 ካሠራው በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ሳያሳየው ቆይቷል፤ ፊልሙ ግን የዘጋቢ ፊልም ኦስካር ተሸልሟል። በእርሱ ውስጥ አንዳች ፌዝ ስለሌለ የለበጣ ዘጋቢ አንለውም። «ሞኩመንተሪ» የሚለው ስምም የመጣው ማላገጥ ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ነውና ለበጣ የሌለበትን ሥራ በዚህ ስም አለመጥራት ተገቢ ነው።

ወንጀል ለዚህ የፊልም ዓይነት የሚመቸው ለምንድን ነው? ከሁሉ የጠራው መልስ ያለው በቤልጅግ ፊልም ውስጥ ነው። ረሚ ቤልቮ፣ አንድሬ ቦንዜልና ቤንዋ ፑልቮርድ የተባሉ ወጣቶች በእጅ በተያዘ ካሜራ፣ በጥቁርና ነጭ፣ በጣም በትንሽ ገንዘብ የሠሩትና እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ማን ባይትስ ዶግ» የሚሉት ፊልም እ.ኤ.አ. በ1992 በካን ፌስቲቫል ታይቷል። የፊልም ቡድን አንድ ነፍሰ ገዳይን እየተከተለ ይቀርጻል። ገዳዩ ስለ ግጥምና ስለ ሕንፃ ጥበብ ያወራል፣ ቤተሰቡን ያስተዋውቃል፤ የገዳዩ እናትና አያቶች ሆነው የሚታዩት የተዋናዩ የገዛ እናትና አያቶች ናቸው። ቀራጮቹ መጀመሪያ ይመለከታሉ፤ ቀጥሎ ሬሳ ይሸከማሉ፤ ገንዘብ ሲያልቅባቸው ገዳዩ ከዘረፈው ላይ ፊልማቸውን ይደጉማል፤ በመጨረሻ የወንጀሉ ተካፋይ ይሆናሉ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ተመልካቹም ከእነርሱ ጋር ሲከተል እንደነበረ ሲገባው ነው። በተራ የወንጀል ድራማ ካሜራው የማንም አይደለም፤ በለበጣ ዘጋቢ ግን ካሜራው የሆነ ሰው እጅ ላይ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ምን እያየ ዝም እንዳለ ይጠየቃል። በገንዘብ በኩልም ትንሽነቱ ራሱ ይጠቅማል። የምስሉ መንቀጥቀጥ፣ የድምፁ መሻከር፣ መብራት አለመኖሩ በሌላ ፊልም ጉድለት ናቸው፤ እዚህ ግን የእውነት ምስክር መስለው ይቆጠራሉ። አውስትራሊያዊው ስኮት ራያን «ዘ ማጂሺያን» የተባለውን የቅጥር ገዳይ ታሪክ በዚህ መንገድ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ተውኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ አቀረበ፤ ገጸ ባሕርዩ ከዓመታት በኋላ «ሚስተር ኢንቢትዊን» ለተባለ ተከታታይ ድራማ መነሻ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «አሜሪካን ቫንዳል» ደግሞ በትምህርት ቤት ግቢ የመምህራንን መኪናዎች ያበላሸው ማን እንደሆነ በሚመረምሩ ተማሪዎች አማካይነት በጊዜው የገነኑትን የወንጀል ምርመራ ተከታታይ ዘጋቢዎች አንድ በአንድ ለበጣቸው።

የለበጣ ዘጋቢ እንዲሠራ ተመልካቹ የሚለበጠውን መልክ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የኢትዮጵያ ተመልካች ያውቀዋል፣ ያውም በውድ ዋጋ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሀብ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ የረሀብተኞቹ ምስል ከንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ጋር እየተጣመረ ነበር፤ በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። ረሀቡ እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር፤ ፍርዱን የሰጠው ግን የሁለቱ መጣመር ነው። ከዚያ ወዲህ የአርትዖት ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የፖሊስ ፕሮግራሞች የተጠርጣሪን የእምነት ቃል፣ የተያዘውን ንብረት፣ የመርማሪውን ማብራሪያ ለዓመታት በአንድ ቅርጽ አቅርበዋል። በሽብር የተከሰሱ ሰዎችን የሚመለከቱት ዘጋቢ ፊልሞች፣ በ2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ»፣ በ2005 ዓ.ም. «ጂሃዳዊ ሐረካት»፣ በኢቲቪ ሲተላለፉ የተከሳሾቹ ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል፤ የሚያስፈራው የተራኪ ድምፅና ከበስተጀርባ የሚንጎራጎረው ሙዚቃ ግን ፍርዱን ከችሎቱ ቀድመው ተናግረዋል። እንግዲህ የለበጣ ዘጋቢ ለእኛ የሚያስፈልገን በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ቅርጽ ገልብጦ ስፌቱን ያሳየናል፤ ስፌቱን ያየ ተመልካች ደግሞ የሚቀጥለውን እውነተኛ ዘጋቢ ፊልም በተከፈተ ዓይን ያያል።

ለእንዲህ ያለ ፊልም የሚሆነው ታሪክና ቦታም ቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ሲወጣ ለገጣፎ፣ ቀጥሎ የዋና ከተማዋን የመጠጥ ውኃ የሚያቁረው ግድብ ያለበት ለገዳዲ፣ ከዚያ ወዲያ የፖሊስ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ሰንዳፋ ይመጣል። ለገጣፎ ለገዳዲ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባለው ሥር ተጠቃልሏል። በእነዚህ ከተሞች ብዙ ቤተሰብ ያስለቀሰ ወንጀል ሽጉጥ አያስፈልገውም፤ ካርታ፣ ማኅተምና ውል ይበቁታል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም እያለ ሕጉ፣ በደላላ በኩል ሲሸጥ ኖሯል፤ ጨረቃ ቤት ሌሊት ይቆማል፣ አንዱ ቦታ ለሁለትና ለሦስት ሰው ይሸጣል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ቤቶች ሕገወጥ ተብለው ሲፈርሱ ነዋሪዎች ግብር እንከፍል ነበር፣ መብራትና ውኃ ገብቶልን ነበር ብለዋል። እንዲህ ያለ ተከታታይ እናስብ። አንድ የመሬት ደላላ ራሱን ለፊልም ቡድን በኩራት ያስተዋውቃል፤ ሥራዬ ሰውና መሬት ማገናኘት ነው ይላል። በሦስተኛው ክፍል ሦስት ገዢዎች ሦስት ካርታ ይዘው በአንድ አጥር ሥር ይገናኛሉ። በአምስተኛው ክፍል ካሜራ ያዡ ራሱ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ይገኛል። ይህን ለመሥራት አንድ ካሜራ፣ ደረት ላይ የሚሰካ ማይክሮፎንና እንደ ሰው የሚናገሩ ተዋንያን ይበቃሉ። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ የመድረክ ድምፅ የለመደ ተዋናይ በእንዲህ ያለ ፊልም ውስጥ ወዲያው ይጋለጣል።

ሁለት ተቃውሞዎች ግን በቀላሉ አይታለፉም። አንደኛው፣ በተጎጂ ላይ መሳቅ ነው የሚለው ነው። ሊሆን ይችላል፣ ያኔም ሥራው መጣል አለበት። መለኪያው ሳቁ በማን ላይ እንደወደቀ ነው፤ በደላላው ኩራት፣ በማኅተሙ ቅለት፣ በቀራጩ ዝምታ ላይ ከሆነ ተጎጂው አልተነካም፤ ቤቷ በፈረሰባት እናት ላይ ከሆነ ግን ጭካኔ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በርካታ ሰዎች የተገደሉበትንና በሺዎች የተፈናቀሉበትን ዓይነት ጥፋት ማንም ለኮሜዲ ሊነካው አይገባም ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው ተቃውሞ የሐሰት መረጃ ነው። ከተከታታዩ የተቆረጠ አንድ ደቂቃ በቴሌግራም ቢዞር፣ መሬት ደም በሚያቃባበት አካባቢ እንደ እውነት ሊወሰድ ይችላል። ስጋቱ ትክክል ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሥነ ጥበብ ፈጠራን ከክልከላው ቢያወጣም፣ የሕግ ከለላ ብቻውን የተመልካችን ግራ መጋባት አያስቀርም። መልሱ ፊልሙን አለመሥራት ሳይሆን ፈጠራ መሆኑን የሚናገር ምልክት ከምስሉ አለመለየት ነው። ምልክቱ ሳቁን ይገድላል የሚለው ክርክር ደግሞ አያስኬድም፤ በዘጋቢ መልክ የተሠራውን ተከታታይ ኮሜዲ «ዘ ኦፊስ»ን በእንግሊዝም በአሜሪካም ያዩ ሚሊዮኖች ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ፈጠራ መሆኑን ያውቁ ነበር።

«ፌዝ ድሮም አለን፤ አዲስ ነገር አይደለም» የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። አዎ፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ራሱ ሽሙጥ ነበር፤ በፋና ቴሌቪዥን የታየው «ምን ልታዘዝ»ም አገሪቱን በአንድ ካፌ አስመስሎ ብዙ ተናግሯል። እነዚህ ባለሥልጣንንና ሥርዓትን በተምሳሌት የሸነቆጡ ናቸው። የለበጣ ዘጋቢ የሚሸነቁጠው ግን እውነት የሚነገርበትን መሣሪያ፣ ካሜራውንና ተራኪውን ነው፤ ይህን ሥራ ሌላው የፌዝ ዓይነት አይሠራውም።

በየዩኒቨርሲቲው ቴአትርና ፊልም የምታጠኑ፣ በትንሽ ገንዘብ ተከታታይ ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ ከምታውቁት ሰፈርና ከምታውቁት ደላላ ጀምሩ። «የለበጣ ዘጋቢ» የሚለውን ጽሑፍ በየክፍሉ መግቢያ ብቻ ሳይሆን በምስሉ ጥግ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አኑሩት፤ የተቆረጠውም ደቂቃ ስሙን ይዞ ይዙር።