ኢ-ቦው
ኢ-ቦው የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ድምፁ ሳይቋረጥ እንዲቆይ የሚያደርግ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ግሬግ ሂት በ1969 እ.ኤ.አ. ፈለሰፈው፤ ለገበያ የቀረበው ግን በ1976 እ.ኤ.አ. ነው።

በመሣሪያው ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አሉ። አንዱ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ይህ ከጎላ በኋላ ሁለተኛው በማግኔት ኃይል ያንኑ ክር መልሶ ያንቀጠቅጠዋል። በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ክሩ የብረት መሆን አለበት፤ በናይለን አይሆንም። በአንድ ጊዜ የሚያስጮኸውም አንድ ክር ብቻ ነው።

ያለ ኢ-ቦው፣ ጊታሩን ወደ አምፕሊፋየሩ በማስጠጋትም ተመሳሳይ ድምፅ ይገኛል፤ የስፒከሩ ድምፅ ክሩን ያንቀጠቅጠዋልና። በዴቪድ ቦዊ «ሂሮስ» (1977 እ.ኤ.አ.) የሚሰማው የሮበርት ፍሪፕ ጊታር ብዙ ጊዜ የኢ-ቦው ሥራ ይመስላል፤ ሆኖም ፍሪፕ የተጠቀመው ይህንኑ ዘዴ ነው። ለየኖታው የሚቆምበት ርቀት ወለሉ ላይ ምልክት ተደርጎበት ነበር።