ከእንዶድ አረፋ እስከ ፖሊስተር ክር

ልብስ ስታጥቡ እድፉ የት ይሄዳል? «ወንዙ ይወስደዋላ!» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ታዲያ ወንዙስ ወስዶ የት ያደርሰዋል?

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ግን ደህና ነበሩ። ገዳዩ እንዶዱ ነበር! ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዝያ ስለሚያስተላልፉ ግኝቱ በሽታውን ለመከላከል ተስፋ ሰጠ። ለእኛ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው፦ ከልብስ አጠባ የሚወጣ ነገር ከታች ያለውን ሕይወት ይነካል።

በዚያን ጊዜ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር በብዛት የሚታጠበው እናቶች የፈተሉት፣ ሸማኔ የሠራው ጋቢና ኩታ ነበር። ጥጥም ሲታሽ ክር ይጥላል፤ ግን ሴሉሎስ ስለሆነ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል። እንዶዱም ይበሰብሳል።

ፖሊስተር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ኬሚስቶች እንግሊዝ አገር ውስጥ የፈጠሩት ይህ ክር ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ዛሬ ማልያችሁን፣ ሽፎኑን፣ ሰልባጁን ብታዩ አብዛኛው እሱ ነው። ሲታሽ የክሩ ጫፍ እየተበጠሰ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይሆናል፤ ይህም ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። በ2011 የወጣ ጥናት አንድ ልብስ በአንድ እጥበት ከ1,900 በላይ ክሮች ሊጥል እንደሚችል አሳየ። በ2016 ደግሞ 6 ኪሎ የአክሪሊክ ልብስ በማሽን ሲታጠብ ከ700,000 በላይ ክሮች እንደሚወጡ ተገመተ።

በአገራችንስ? በ2020 በታተመ ጥናት ከዝዋይ ሐይቅ ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶው ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኘ፤ ክርም ነበረበት። ሁሉም ከልብስ መጣ ማለት አይደለም፤ ፕላስቲኩ ግን ዓሣው ዘንድ ደርሷል።

ፈረንሳይ በ2020 ባወጣችው ሕግ አዳዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ማጣሪያ እንዲኖራቸው ወሰነች። ወንዝ ላይ ግን ማጣሪያ አይገጠምም። ቡሬ አካባቢ ፈጣም ወንዝ የተቀበለውን ለዓባይ ያስረክባል። ስለዚህ ማጣሪያው እኛው ነን፦ ሰው ሠራሽ ልብስ ሳይቆሽሽ አትጠቡ፣ በብሩሽ አትፈግፍጉት፣ ሙቅ ውኃ አታብዙበት። ልብስ ስትገዙም ጥጥ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ።