መርከቡ ሳይመጣ

ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት፣ በወንዙ ዳር ከ40 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላ ወደብ ሆነች። ከካርቱም የተነሣው የእንፋሎት መርከብ በሶባት በኩል መጥቶ ጨውና ጨርቅ ያራግፍ፣ ከጎሬ በበቅሎ የወረደውን ቡና ይጭን ነበር። ውኃው ሲጎድል መርከቡም ይቀር ነበር። በጋውን የሚያሻግረው መጋዘን ነበር።

ጋምቤላ ባደርኩበት ምሽት ኔትወርክ ጠፍቶ በጃቫስክሪፕት የጻፍኩት ፕሮግራሜ ግን መሥራቱን ሲቀጥል ትዝ ያለኝ ይኸው መጋዘን ነው። ጃቫስክሪፕት በ1987 ዓ.ም. ለብሮውዘር ሲፈጠር፣ አንዱ ፋይል ሌላውን የሚጠራበት መንገድ አልነበረውም። በጥር 2001 ዓ.ም. ኬቨን ዳንጉር የሰርቨር ጃቫስክሪፕት የጋራ ደንብ ይኑረው ብሎ ሰው አሰባሰበ፤ ኮመን ጄኤስ ከዚያ ወጣ። በዚያው ዓመት ብቅ ያለው፣ ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬደው የራያን ዳል ኖድ ጄኤስም ይህንኑ ደንብ ያዘ።

ሌላ ፋይል ለመጥራት «ሪኳየር» ሲባል ኖድ መጀመሪያ አብረውት የተሠሩትን ሞጁሎች (ተጠሪ ፋይሎች) ያያል። ስሙ በነጥብ ከጀመረ በተባለው መንገድ ሄዶ ፋይሉን ያነሣል። ካልሆነ «ኖድ ሞጁልስ» የሚባለውን ፎልደር ከአጠገቡ ይፈልጋል፤ ካጣ አንድ ፎልደር ወደ ላይ፣ ደግሞ ወደ ላይ፣ እስከ ዲስኩ ሥር። ያገኘውን ፋይል በፈንክሽን ጠቅልሎ አንድ ጊዜ ያስኬደዋል፤ ውጤቱን ያኖርና ለቀጣዩ ጠያቂ ያንኑ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፕሮግራሙ ቆሞ ይጠብቃል። መጋዘን ደጃፍ መቆም አይከፋም፤ ዕቃው እዚያው ነው። የብሮውዘር ዕቃ ግን ገና ወንዝ ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው «ኢምፖርት» ለዚህ ሲል የሚፈለገውን ዝርዝር አስቀድሞ ያነባል፣ ያገናኛል፣ ከዚያ ወደ ሥራ ይገባል። «ሪኳየር» እና «ኢምፖርት» በአንድ ቤት ሳይግባቡ ዓመታት ኖረዋል፤ ስንቱን ፕሮግራመር እንዳማረሩ አልነግራችሁም።

መጋቢት 2008 ዓ.ም. 11 መስመር ብቻ ያላት «ሌፍት ፓድ» የተባለች ሞጁል ኤንፒኤም ከሚባለው የሞጁሎች የኢንተርኔት ማከማቻ ስትነሣ፣ እሷን አዲስ የሚያወርድ ሁሉ ተሰናከለ። ፎልደሩ ውስጥ ቀድሞ ያስገባት ምንም አልሆነም።

ያን ምሽት አንድ ወጣት ሥራዬን በፍላሽ እንድሰጠው ጠየቀኝ። እንደ ልማዴ ከባዱን የ«ኖድ ሞጁልስ» ፎልደር ትቼ ቀዳሁለት። «ጋሼ፣ ሞጁሉ አልተገኘም ይለኛል» ብሎ ተመለሰ። ፎልደሩን እንዳለ ስንቀዳ፣ ፋይሉ ደቃቅና አእላፍ ነውና፣ ቡናው ቶና ደርሶ ነበር።